አዲስ አበባ–ባሕር ዳር፦ 320 ነው፣ 485 ነው ወይስ 565 ኪ.ሜ.?

ሠንጠረዥ (ክር ከፋች)
ሰላም ለሁላችሁ። የመስክ ጉዞ የነዳጅና የውሎ አበል ሠንጠረዥ እየተሠራ ነው፤ አንድ ረድፍ ላይ ተይዘናል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ያለውን ርቀት አንዱ ድረ ገጽ 320 ይላል፣ ሌላው 333፣ ስልክ ላይ ያለው ካርታ 480 ምናምን፣ የቆየ የመንገድ ካርታ 565፣ መጽሐፍ ላይ ደግሞ 578 ተጽፏል። ለሁለት ከተማ አምስት ቁጥር! የትኛውን ልጻፍ? የምታውቁ ከነምክንያቱ ብትነግሩኝ።

ቀያሹ
ከአምስቱ የተሳሳተ የለም፤ የሚለኩት ነገር ነው የተለያየው።

320 ከመሐል ከተማ መሐል ከተማ በቀጥታ መስመር፣ ቁራ እንደሚበረው ነው። 333 ከቦሌ ማረፊያ እስከ ባሕር ዳር ማረፊያ በቀጥታ ነው። ቦሌ ከከተማው መሐል ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ የባሕር ዳሩ ማረፊያ ደግሞ ከከተማው ወደ ምዕራብ 8 ኪ.ሜ. ገደማ ስለሚርቅ ሁለቱም ጫፍ ተለጠጠና 13 ኪ.ሜ. ጨመረ። 485 አካባቢ ያለው በደጀን–ሞጣ–አዴት የሚሄደው የመኪና መንገድ ነው። 565 እና 578 በደብረ ማርቆስ የሚዞረው ዋናው መንገድ ናቸው።

ቀጥታውን በእጅ ማውጣት ይቻላል። አዲስ አበባ ኬክሮስ 9.03፣ ኬንትሮስ 38.74። ባሕር ዳር ኬክሮስ 11.59፣ ኬንትሮስ 37.39።
የኬክሮስ ልዩነት 2.56 ዲግሪ። በእኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 110.6 ኪ.ሜ. ነው፤ 283 ኪ.ሜ. ወደ ሰሜን።
የኬንትሮስ ልዩነት 1.35 ዲግሪ። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ በምድር ወገብ 111.3 ኪ.ሜ. ሲሆን ወደ ሰሜን በወጣን ቁጥር ይጠባል፤ በ10 ዲግሪ ላይ 109.5 ገደማ ነው። 148 ኪ.ሜ. ወደ ምዕራብ።
283 በራሱ ሲባዛ፣ 148 በራሱ ሲባዛ፣ ድምራቸው ከካሬ ሥር ሲወጣ 319 ኪ.ሜ. ይመጣል። ለዚህ ርቀት የምድር ክብነት ለውጥ አያመጣም፤ ረጅሙን ቀመር መጠቀም የሚያስፈልገው ካይሮ ወይም ዱባይ ስትሉ ነው።

ሠንጠረዥ
ገባኝ። ግን 320 እንዴት 565 ይሆናል? ሲካፈል 1.77 ነው። አዲስ አበባ–አዳማን ሞከርኩት፤ ቀጥታው 80፣ የድሮው መንገድ 99፣ ሲካፈል 1.24።

ቀያሹ
ሐዋሳንም ሞክረው። ቀጥታው 221፣ መንገዱ 275፣ እሱም 1.24። ስምጥ ሸለቆው ሜዳ ስለሆነ «ቀጥታውን በ1.25 አባዛ» የሚለው የግምት ሕግ ወደ ደቡብ ይሠራል። ወደ ጎጃም ግን ይህን ሕግ ይዞ የወጣ ሰው ነዳጅ ያልቅበታል።

ካርታ ዘርግታችሁ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ማስመሪያ ብታስቀምጡ፣ መስመሩ ሁለት ነገር ላይ ያርፋል። መጀመሪያ የዓባይ ድልድይ አጠገብ ያልፋል፤ ቀጥሎ በጮቄ ተራራ አናት ላይ። ድልድዩ በመስመሩ ላይ መሆኑ ብዙ ሰው አያስተውለውም። እስከዚያ ቀጥታው 130 ኪ.ሜ. ገደማ ሲሆን መንገዱ ግን ከ200 ያልፋል። ምክንያቱ በግራ በኩል የሙገር ገደል ነው። መንገዱ እሱን ለመሸሽ በሱሉልታና ጫንጮ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ሙከጡሪ ላይ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፣ ፍቼ ሲደርስ ደግሞ በስተቀኝ የጀማ ሸለቆ ስለሚቀድመው ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። በሁለት ገደል መሐል ያለችውን ጠባብ ደጋ ነው ተከትሎ ጎሃ ጽዮን የሚደርሰው።

ከዓባይ ማዶ ጮቄ ይጠብቃል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ዋናው መንገድ በምዕራቡ ጎን፣ የሞጣው በምሥራቁ ጎን ይዞሩታል። የምዕራቡ በኮሶበር (እንጅባራ) በኩል ሲዞር ከባሕር ዳር ራሷ 50 ኪ.ሜ. ያህል ወደ ምዕራብ አልፎ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። ከደጀን ባሕር ዳር ቀጥታው 178 ኪ.ሜ. ነው፤ በማርቆስ 336፣ በሞጣ 256 ገደማ ይሆናል። የ1.77 ምስጢር እዚህ ነው።

የቁልቁለት_ሹፌር
ለሠንጠረዡ የሚጠቅም የዋናው መንገድ ቆጠራ ይኸውና፣ ከአዲስ አበባ ሰሜን መውጫ፣ ሁሉም በግርድፉ፦ ጫንጮ 40፣ ሙከጡሪ 78፣ ፍቼ 112፣ ገብረ ጉራቻ 156፣ ጎሃ ጽዮን 185፣ ድልድዩ 205፣ ደጀን 229፣ ደብረ ማርቆስ 300፣ ደምበጫ 350፣ ፍኖተ ሰላም 387፣ ቡሬ 415፣ ኮሶበር 447፣ ዳንግላ 485፣ መራዊ 530፣ ባሕር ዳር 565።

ዳንግላን እዩልኝ፦ በማርቆስ የዞረ ዳንግላ ሲደርስ፣ በሞጣ የመጣ ባሕር ዳር ገብቷል። በኪሎ ሜትር ነው ያልኩት፣ በሰዓት አላልኩም።

ወለላ
መንገዱ ዳገት ቁልቁለት ስለሆነ እኮ ነው የሚረዝመው። ካርታ ከላይ ስለሚያይ ሽቅብና ቁልቁል የሚሄደውን አይቆጥርም።

ቀያሹ
ወለላ፣ ይህ በጣም የተለመደ ግምት ነው፤ ሒሳቡ ግን አይደግፈውም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ወንዙ መንገዱ በ20 ኪ.ሜ. ውስጥ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በአማካይ 7 በመቶ። ባለ 7 በመቶ ቁልቁለት 100 ሜትር ከላይ ሲታይ፣ መሬት ላይ 100 ሜትር ከ24 ሴንቲ ሜትር ነው። ወርዶ ለሚወጣው 40 ኪ.ሜ. በሙሉ ቢሰላ ልዩነቱ 100 ሜትር አይሞላም። አንድ ጎማ ቀይረህ ዳር እስክትይዝ የምትሄደው ነው።

የሚያስረዝመው መጠማዘዙ ነው። መኪና 30 በመቶ ዳገት አይወጣም፣ ስለዚህ መንገድ ሠሪው ያንኑ ከፍታ ለማግኘት ገደሉን እያጠፈ እያጠፈ ያንከባልለዋል። ከጎሃ ጽዮን ደጀን በቀጥታ ከ20 ኪ.ሜ. ብዙም አይበልጥም፤ በመኪና ከ40 በላይ ነው። ጎሃ ጽዮን ዳር ቆሞ የደጀንን ወገን ማዶ ማየት ይቻላል፤ እዚያ መድረስ ግን ከሰዓት በላይ ይወስዳል።

ወለላ
እሺ፣ ተረታሁ። 24 ሴንቲ ሜትሯ ናት ያሸነፈችኝ።

አዲስ_መንጃ
ስለ ዓባይ በረሃው፣ ከጎሃ ጽዮን ደጀን ስላለው ገደል፣ ትንሽ ብትጨምሩ? በፒክአፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወርድ።

የቁልቁለት_ሹፌር
ጎሃ ጽዮን ላይ ቁም። የምታየው አራት ነገር ነው፦ የፍሬን ዘይት መጠን፣ የአራቱም ጎማ ነፋስ፣ የራዲያተር ውሃ፣ የጭነትህ ገመድ። ቁልቁለት ላይ ጭነት ወደ ፊት ይሸሻል።

ሕጉ አንድ ነው፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ለፒክአፕ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ነው። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገባ፤ ከፈጠነ በኋላ ወደ ታች ማርሽ ላግባ ብትል ላይገባ ይችላል፣ ኒውትራል ላይ ትቀርና ሞተሩ መያዝ ያቆማል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ደግሞ ትርፉ ሁለት ብር፣ ኪሳራው ገደል ነው።

ፍሬን ላይ እግር አስቀምጦ መውረድ አይሠራም። ጠበቅ አድርገህ ረግጠህ ፍጥነቱን በ10 ኪ.ሜ. አውርድና ልቀቅ፤ ሲፈጥን ድገም። በመሐል የፍሬን ሸራው ይተነፍሳል። ፍሬን ሲግል መጀመሪያ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ ይዘቅጣል። ሽታው ላይ ነው መቆም ያለብህ፤ ለስልሶ ከሆነ ዘግይተሃል።

ቆመህ ሳለ ሁለት ነገር አታድርግ። የጋለ የፍሬን ከበሮ ላይ ውሃ አትድፋ፣ ይሰነጠቃል። የእጅ ፍሬኑንም በጋለ ከበሮ ላይ ጠበቅ አድርገህ አትሳብ፤ ሲቀዘቅዝ ሊጣበቅ ይችላል። ማርሽ አስገብተህ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርግ። ስትነሳ ግን ድንጋዩን መንገድ ላይ ትተህ አትሂድ፣ ከኋላህ የሚመጣው በጨለማ ያገኘዋል። ይህ መስመር የሚጠላው ነገር ቢኖር የተተወ ድንጋይ ነው።

ቀያሹ
ለምን እንደሚግል በቁጥር፦ 20 ቶን የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 820 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት ወይ በሞተሩ በኩል ይወጣል ወይ በፍሬን ሸራ። 40 ቶን ከሆነ እጥፍ ነው። ሸራው ብቻውን አይችለውም።

ሌላው መንገዱ ራሱ ነው። ላይኛው ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች የጂፕስና የጭቃ ድንጋይ ንብርብር አለ፤ ጂኦሎጂስቶች ይህን ንብርብር በጎሃ ጽዮን ስም ነው የሚጠሩት። ሐምሌና ነሐሴ ውሃ ሲገባበት ይንሸራተታል፤ አስፋልቱ በየዓመቱ ቢጠገንም መልሶ እንደ ማዕበል የሚሆነው ለዚህ ነው። ክረምት ላይ ለዚህ 40 ኪ.ሜ. ብቻ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ያዙ። ጠዋት ጉም ካለም ጎሃ ጽዮን ቁርስ መብላት ይሻላል።

የቁልቁለት_ሹፌር
ወጣ ሲባል ደግሞ ራዲያተር። ታች ከላይኛው በ9 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ ከዚያ ሙቀት ተነስተህ ነው 20 ኪ.ሜ. ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ የምትወጣው። ውሃ ከፈላ ወዲያው ሞተር አታጥፋ፤ በቁሙ ትንሽ ነዳጅ ሰጥተህ ፋኑ እንዲሠራ ተው፣ የሙቀት መስፈሪያው ሲወርድ አጥፋ። የራዲያተር ክዳን በጋለ ጊዜ የሚከፍት ሰው ፊቱን ነው የሚያጣው። የሚጨመረው ውሃም ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ነው።

ድልድዩ ላይ መቆም የለም። በ2000 ዓ.ም. መገባደጃ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ነው፤ በጃፓን ርዳታ የተሠራ። የድሮው አጠገቡ አለ።

ሠንጠረዥ
ታዲያ በሞጣ 80 ኪ.ሜ. የሚያተርፍ ከሆነ ሁሉም ለምን በዚያ አይሄድም?

ማርቆሴ
ኪሎ ሜትርና ሰዓት አንድ አይደሉም። የሞጣው መንገድ ደጀን ላይ ተገንጥሎ በቢቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ ግንደወይን፣ ሞጣ፣ አዴት አድርጎ ይገባል። ለብዙ ዘመን የጠጠር መንገድ ነበር፤ አስፋልቱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ክፍል በክፍል ነው የተሠራው። በጠጠር 30 እና 40 ነው የምትነዳው፤ 60 ኪ.ሜ. ጠጠር ካጋጠመህ ካተረፍከው 80 ኪ.ሜ. አብዛኛው ተበላ። ደጀን ላይ ከሞጣ የመጣ ሹፌር ፈልጎ «ዛሬ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ካርታ ይሻላል።

ሌላው አገልግሎት ነው። በማርቆስ መስመር በየ40 እና 50 ኪ.ሜ. ከተማ፣ ጎሚስታ፣ ማደያ ታገኛለህ። የጭነት መኪናም ከመሐል የሚያወርደው ይኖረዋል፤ ቡሬ የእህል ገበያ ናት፣ ፍኖተ ሰላምም እንደዚሁ። አጭሩን መርጦ ባዶውን ከመሄድ ረጅሙን ዞሮ ጭነት ማግኘት ይሻለዋል።

ስልክ ላይ ያለው ካርታ በነባሪ አጭሩን ወይም ፈጣን ብሎ የገመተውን ነው የሚያሳየው። «480 ምናምን» ካለህ በሞጣ እየላከህ ነው ማለት ነው። ማርቆስን መሐል ነጥብ አድርገህ ጨምርበትና ቁጥሩ ሲዘል ታያለህ።

ሠንጠረዥ
ኤክሴል ላይ የቀያሹን ስሌት፣ ኬንትሮሱ በኬክሮሱ ኮሳይን እንዲጠብ አድርጌ፣ ለሌሎች ከተሞችም አስገባሁት፤ ለባሕር ዳር 270 ሰጠኝ። የት ነው የሳትኩት?

ቀያሹ
270 ከሆነ መገመት አያቅትም፦ ኬክሮስና ኬንትሮስ ተገላብጠዋል። 38.74 ኬክሮስ፣ 9.03 ኬንትሮስ ብለህ ካስገባህ አዲስ አበባን ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕሩ ውስጥ አስቀመጥካት። መጥፎነቱ መልሱ ሊታመን የሚችል ቁጥር መሆኑ ነው፤ 27,000 ቢል ትባንን ነበር። መፈተኛ፦ በኢትዮጵያ ኬክሮስ ከ3 እስከ 15፣ ኬንትሮስ ከ33 እስከ 48 ነው። ትንሹ ቁጥር ሁልጊዜ ኬክሮስ ነው።

የሚደጋገሙት ሌሎች ስህተቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ደቂቃን እንደ አስርዮሽ መጻፍ። 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ማለት 11.60 እንጂ 11.36 አይደለም፤ 36 ለ60 ይካፈላል። ይቺ ብቻ ባሕር ዳርን 26 ኪ.ሜ. ወደ ደቡብ ትጎትታታለች። ሁለተኛው፣ ኤክሴል ሳይንና ኮሳይን የሚያሰላው በራዲያን ነው፤ ዲግሪውን ሳትቀይር ከሰጠኸው ኮሳይን 10 አሉታዊ ቁጥር ይሰጥሃል።

ሠንጠረዥ
ተገላብጦ ነው፤ ልክ ነህ። አሁን 319 አለ።

ኖቲካል
ከአየር ወገን። ለበረራ ሥራ 320ውም 565ቱም አይጠቅሙም፤ ቁጥሩ 180 ኖቲካል ማይል ነው፣ ከቦሌ ባሕር ዳር በቀጥታ። አንድ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪ.ሜ. ነው፤ 333 የመጣው ከዚያ ነው። አንዳንድ ድረ ገጽ «180 ማይል» ብሎ ይጽፍና አንባቢው በየብስ ማይል፣ በ1.609 አባዝቶ 290 ይላል። 43 ኪ.ሜ. በአንዲት ቃል ጠፋ።

አውሮፕላኑም ቢሆን ቀጥታውን አይሄድም። የቦሌ መንደርደሪያዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ገደማ የተዘረጉ ናቸው፤ ባሕር ዳር ያለችው ግን ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ወደ ምሥራቅ የተነሳ አውሮፕላን ከ90 ዲግሪ በላይ መታጠፍ አለበት፤ ያውም እንጦጦ ከሰሜን ስለቆመ ከፍታ ይዞ። ባሕር ዳርም ሲደርስ ከመንደርደሪያው ጋር ለመሰለፍ ይዞራል። ሁለቱ ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ኖቲካል ማይል ይጨመራል።

ጊዜው እንዲህ ይከፈላል፦ ኪው 400 (ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ) በሰዓት 600 ኪ.ሜ. ቢሄድ 333ቱ 33 ደቂቃ ነው። መውጣቱና መውረዱ ዘገምተኛ ስለሆነ በአየር ላይ 45 ደቂቃ ይሆናል። ከበር መዘጋት እስከ በር መከፈት ሲቆጠር ትኬቱ ላይ የምታዩት አንድ ሰዓት ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን በፍጥነት አካፍሎ የበረራ ሰዓት መገመት ለአጭር በረራ ሁልጊዜ ያንሳል።

ቦሌ 2,334 ሜትር፣ ባሕር ዳር 1,820 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በቦሌ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። በሞቃት ቀትር ደግሞ የበለጠ ይሳሳል። ቀያሹ ያለው ጮቄ ከቀጥታው መስመር ሥር ስለሆነም የመስመሩ ዝቅተኛ የበረራ ከፍታ በሱ ይወሰናል። ሰማይ ከጠራ መስኮት ጋ የተቀመጠ ሰው የዓባይን ገደል መጀመሪያ፣ የጮቄን ጀርባ ቀጥሎ ያያል፤ በየብስ ከጎሃ ጽዮን ወደ ፍኖተ ሰላም ግማሽ ቀን የሚፈጀውን በ15 ደቂቃ ውስጥ።

አዲስ_መንጃ
ትኬት ላይ የሰዓት አቆጣጠሩ የኛ ነው የፈረንጅ?

ኖቲካል
የፈረንጅ፣ ባለ 24። 07:00 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። «7 ሰዓት» ብሎ ከቀትር በኋላ የሚመጣ መንገደኛ ሁሌም አለ፤ አውሮፕላኑ ሄዶ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። 13:00 ደግሞ የኛ ሰባት ሰዓት ነው። ለመስክ ሠራተኛ ፕሮግራም ስትጽፉ ሁለቱንም ጻፉ፦ «07:00፣ ጠዋት 1 ሰዓት»።

ሲደመር ከቤት እስከ ቤት፦ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ቦሌ መገኘት፣ አንድ ሰዓት በረራ፣ ሻንጣ መጠበቂያና 8 ኪ.ሜ. ታክሲ። አራት ሰዓት ግድም። በአውቶቡስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሳ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ተጉዞ ይገባል።

ደረሰኝ_ሰብሳቢ
ለነዳጅ ረድፉ። ናፍጣ ፒክአፕ በ100 ኪ.ሜ. 11 ሊትር ይያዝለት። በ565 62 ሊትር ነው። በ320 ብታሰላ 35 ሊትር ይሰጠዋል፤ በዚያ ናፍጣ ሹፌሩ 320 ኪ.ሜ. ይሄዳል፣ ማለትም ማርቆስን አልፎ ደምበጫ ሳይደርስ ይቆማል። «የአየር ርቀት» ከኢንተርኔት ገልብጦ በጀት መያዝ የሚያመጣው ጣጣ ይኸው ነው፤ ጥፋቱ ግን ሁሌ ሹፌሩ ላይ ይወድቃል፣ «የት አደረስከው?» ይባላል።

ከ62ቱ ላይ ለዳገቱ፣ ለከተማ ውስጥ ዙርና ለወረፋ 15 በመቶ ጨምሩ፤ 72 ሊትር። ደርሶ መልስ 144። ፍቼና ማርቆስ ላይ መሙላት ይቻላል፣ ማደያው ናፍጣ ካለው። ግማሽ ታንክ ሲደርስ ሙላ፣ ሩብ አትጠብቅ።

ማርቆሴ
565 እና 578 ላይ ግን ስምምነት ላይ አልደረስንም።

ቀያሹ
ልዩነቱ 13 ኪ.ሜ.፣ 2.3 በመቶ ነው። ይህን ያህል ከሁለት ቦታ ብቻ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው መነሻው፦ ከቦሌ ተነስቶ ከተማውን አቋርጦ በአዲሱ ገበያ ሱሉልታ የሚወጣና ከሰሜን መውጫ የሚቆጥር አንድ ዓይነት ቁጥር አያገኙም። ሁለተኛው የመኪናው ቆጣሪ ነው። ቆጣሪ የሚቆጥረው የጎማ ዙር እንጂ መሬት አይደለም። ጎማው ተበልቶ ዙሪያው በ2 በመቶ ከቀነሰ፣ ለ565 ኪ.ሜ. 11 ኪ.ሜ. አብዝቶ ይጽፋል። ከፋብሪካው መጠን የተለቀ ጎማ የገጠመ ደግሞ አሳንሶ።

በጂፒኤስ የሚከታተሉ ድርጅቶችም ይጠንቀቁ። መሣሪያው በየ60 ሴኮንዱ አንድ ነጥብ ብቻ የሚልክ ከሆነ፣ በረሃው ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ ጠመዝማዛውን እየቆረጠ ይሄዳል፤ 40 ኪ.ሜ. የሆነውን አሳጥሮ ያሳያል። ከዚያ ሹፌሩ ቆጣሪ ሌላ ይላል፣ ጂፒኤሱ ሌላ ይላል፣ ጭቅጭቅ። ነጥቡን በየ5 ሴኮንዱ አድርጉት።

ለበጀት 565 ጻፉና መነሻውን ግለጹ። በ13 ኪ.ሜ. መጣላት ዋጋ የለውም።

ወለላ
በረሃው ቢዘጋስ? መንሸራተት ወይም የጸጥታ ችግር ሲኖር።

የቁልቁለት_ሹፌር
ምርጫው ቀላል አይደለም። በደብረ ብርሃን፣ ደሴ፣ ወልድያ ወጥተህ በደብረ ታቦር ወረታ፣ ከዚያ ባሕር ዳር፦ ወልድያ 520፣ ወልድያ–ወረታ 300፣ ወረታ–ባሕር ዳር 60፤ ድምር 880 ኪ.ሜ.። የሁለት ቀን ጉዞ ነው። በምዕራብ በነቀምት ዞሮ ቡሬ የሚወጣም አለ፣ ከ700 ኪ.ሜ. ያልፋል። ሁለቱም የራሳቸው የጸጥታ ጥያቄ አላቸው፤ ዛሬ ክፍት የሆነ ነገ ላይሆን ይችላል። ከመነሳት በፊት በዚያው ቀን ከዚያ የመጣ ሹፌር፣ ወይም አውቶቡስ ተራ ትኬት ቆራጮቹ ጋ ጠይቁ። ማምሻውን በረሃ መግባት በየትኛውም ወቅት አይመከርም፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ጎሃ ጽዮን የደረሰ እዚያው ይደር።

ኖቲካል
አየሩም ዋስትና አይደለም። በነሐሴ 2023 (እንደ ፈረንጅ) በክልሉ በነበረው ሁኔታ የባሕር ዳር በረራ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። የመመለሻ ቀናቸው ሊላላ የማይችል ሰዎች ሠንጠረዥ ላይ የአንድ ቀን መጠባበቂያ አበል ያዙላቸው።

ሠንጠረዥ
ረድፉ እንዲህ ሆኗል፣ እዩልኝ፦
«አዲስ አበባ (ሰሜን መውጫ)–ባሕር ዳር፣ በማርቆስ 565 ኪ.ሜ.፤ በሞጣ 485 ኪ.ሜ.፤ ቀጥታ 320 ኪ.ሜ. (ለነዳጅ አይውልም)፤ ቦሌ–ባሕር ዳር ማረፊያ 333 ኪ.ሜ. ወይም 180 ማይል። ናፍጣ 72 ሊትር መሄጃ፣ 72 መመለሻ። ጊዜ፦ በመኪና አንድ ሙሉ ቀን፣ በአውሮፕላን ግማሽ ቀን።»

ኖቲካል
«180 ማይል» የሚለውን አስተካክል። ኖቲካል ማይል።

ደረሰኝ_ሰብሳቢ
በሞጣ ለሚሄድ ናፍጣውን አትቀንስበት፤ በጠጠር በ100 ኪ.ሜ. የሚበላው ይጨምራል። ሌላው፣ ጎንደር የሚቀጥል ካለ ከባሕር ዳር 180 ኪ.ሜ. ገደማ፣ ማለትም 20 ሊትር፣ ለብቻው ረድፍ አውጣለት እንጂ ከዚህ ጋር አትደባልቀው።

ሠንጠረዥ
ሁለቱም ገብተዋል። ቀጣዩ ረድፍ አዲስ አበባ–ድሬዳዋ ነው፤ ነገ አዲስ ክር እከፍታለሁ።